ትርንጎ አለች

የወረዳችንን ካርታ ጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያየ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ አንድ ቦታ ነው። የወረዳው ወሰን ሽመል ውሃ የሚባለውን ወንዝ ይዞ፣ እንደ ማንኛውም ጨዋ ወሰን ወንዝ ወንዙን ሲወርድ ይቆይና፣ መጥሪያ ከተባለው ጉብታ ፊት ለፊት ሲደርስ ምን እንደነካው ሳይታወቅ ወንዙን ይሻገራል፤ ማዶ ያለውን ሰፊ ቆላ ዞሮ ጠቅልሎ ወደ እኛ ያስገባና ተመልሶ ወንዙን ይይዛል። በዚያ ሆዱን በነፋ ቦታ ላይ በደቃቅ ፊደል «ትርንጎ አለች» የሚል ተጽፏል። የቀበሌው ስም ነው።

ስሙን አይቶ ፍሬ የሚመስለው ብዙ ነው። አንድ ጊዜ ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጣ የአትክልትና ፍራፍሬ ባለሙያ ዛፉን በዓይኔ አየዋለሁ ብሎ በዚያ ሙቀት ወርዶ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ አንድም የትርንጎ ቅጠል ሳያገኝ ተመለሰ አሉ። ትርንጎ የለም። ሎሚም የለም። ያለው ሰው የሚያክል ሰንበሌጥ፣ ግራር፣ ከወንዙ ዳር ሽመል፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሙቀት ነው። ፍሬማ ቢሆን ኖሮ ማን «አለች» ይለው ነበር?

ቀበሌው በስፋቱ የደጋውን ቀበሌዎች አምስት ስድስቱን ይውጣል፤ ሰዉ ግን ቢሰበሰብ የአንድ የደጋ ሠርግ ዳስ አይሞላም። ይህም ከወንዙ ወዲህ ያለው ነው። ከወንዙ ማዶ፣ ለቀበሌው ስሙን በሰጠው መሬት ላይ፣ አንድም ቤት የለም። እዚህ ጎረቤት ማለት ጭሱ የሚታይ ሰው ማለት ነው። ሰው ከሰው የሚፈላለገው በእግር ሳይሆን በድምፅ ነው፤ ስልክ መጣ ቢባልም ኔትወርኩ መጥሪያ ጉብታ ላይ ሲወጡ አንዳንዴ ብቅ ይልና ወዲያው ይጠፋል። ስለዚህ ዛሬም ስብሰባ ሲኖር፣ የክትባት ባለሙያ ሲመጣ፣ ሰው ሲሞት፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ጉብታው ላይ ወጥቶ ነዋሪውን አንድ በአንድ በስሙ ይጠራል፤ የተጠራው ካለበት ሆኖ «አቤት!» ይላል፤ «ና!» ይባላል፤ ይመጣል። ሁሉም ከመጣ በኋላ ሊቀመንበሩ ፊቱን ወደ ባዶው ማዶ አዙሮ ሦስት ጊዜ «ትርንጎ!» እያለ ይጣራል። የሚመልስ የለም። ቆብ ያደረገ ቆቡን ያወልቃል፤ ሕፃን ያዘለችም እንዳያለቅስባት እሹሩሩ ትለዋለች። ከዚያ ከሽማግሎቹ አንዱ «አለች» ይላል። ሌላም አንድ ቃል አለ፤ እሱን በቦታው እደርስበታለሁ።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ሽማግሎቹ የሚሉት እንዲህ ነው።

በምስለኔ ዘመን ነበር ይባላል። የትኛው ንጉሥ ነግሦ እንደነበር የጠየቅኳቸው ሁሉ የተለያየ ንጉሥ ስለጠሩልኝ ትቼዋለሁ። ምስለኔው የሚቀመጠው ከላይ ደጋው ላይ ሲሆን ግዛቱ ግን እስከዚህ እስከ ቆላው ድረስ ነው ይባል ነበር። የደጋ ሰው ንዳድን ከጦር አብልጦ ይፈራል። እንደሚነገረው ከሹማምንቱ አንዱም ከመጥሪያ ጉብታ በታች እግሩን አሳርፎ አያውቅም፤ እዚያ ድረስ በበቅሎ ይወርዳል፣ የሚያዘውን ያዛል፣ ወባዋ ሳትነሳ ወደ ብርዱ ይመለሳል። ከጉብታው በታች ያለው አገር የሚተዳደረው በጩኸት ነበር ማለት ነው። በሌላው አገር ጭቃ ሹም በዘሩ ወይም በርስቱ ይሾማል፤ እዚህ የሚሾመው በጉሮሮው ነበር። ድምፁ ወንዝ የማይሻገር ሰው የማንም ልጅ ቢሆን አይሾምም።

በዚያ ጊዜ ጭቃ ሹሙ ባይለየኝ የሚባል ሰው ነበር። ድምፁን ዛሬም ያወሩለታል፤ ሽመል ውሃ በክረምት ግንድ እየነቀለ ሲያጓራ እንኳ የባይለየኝን ጥሪ አይሸፍነውም ነበር ይባላል። ቁመቱ አጭር፣ የተነገረውን የማይረሳ፣ ያለውን የማያጥፍ ሰው ነበር። ሽማግሎቹ ይህን ሲነግሩኝ እንደ ሙገሳ አድርገው ነው፤ ለእኔ ግን ሙገሳነቱ አይታየኝም።

ባይለየኝ አንዲት እህት ነበረችው፤ ስሟ ትርንጎ ነው። የማዶ ሰው አግብታ ወንዙን ተሻገረች። ብዙም ሳይቆይ ባሏን ንዳድ ወሰደው። ልጅ አልነበራቸውም። ሌሎቹ የማዶ ሰዎችም አንዱ ሲሞት አንዱ ወደ ደጋ ሲሸሽ አለቁ፤ እሷ ግን የባሏን መቃብርና የማሽላ ማሳዋን ትታ መመለስ አልሆነላትምና ብቻዋን ቀረች። በበጋ ወንዙ ሲጎድል ተሻግራ እናቷንና ወንድሟን ጠይቃ፣ የቋጠረችላቸውን ማሽላ ሰጥታ ትመለሳለች። በክረምት ግን የሚገናኙት በድምፅ ብቻ ነው። ባይለየኝ ጉብታው ላይ ይወጣና «ትርንጎ!» ይላል፤ «አቤት!» ትላለች፤ «ደህና ነሽ?» ይላል፤ «ደህና ነኝ! እማዬስ?» ትላለች። ይኸው ነበር። አንድ ግቢ ውስጥ የሚኖሩ እህትና ወንድም እንኳ እንዲህ አይጠያየቁም ይላሉ ሽማግሎቹ።

አንድ ክረምት እናታቸው ታመመች። ነሐሴ ነበር ይባላል፤ ወንዙ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። እናትየው ነፍሷ ሳትወጣ ልጇን ማየት ፈለገች፤ ባይለየኝም ጉብታው ላይ ወጥቶ «ትርንጎ! እማዬ ልትሞት ነውና ነይ!» ብሎ ተጣራ። ትርንጎም «አቤት!» አለች። አቤት አለች እንጂ አልመጣችም። እንዴት አድርጋ ትምጣ? ያን ወንዝ በነሐሴ የተሻገረ እንኳን ሰው አውሬም የለም። እስከ ውሃው ጠርዝ ወርዳ፣ እስኪመሽ እየጮኸች ወዲያና ወዲህ ስትል ያይዋት ነበር ይባላል። እናትየው በማግስቱ ዓይኗ በሩ ላይ እንደተተከለ አረፈች። ባይለየኝ ሐዘኑን የሚያሳርፍበት አጣ፤ ወንዝን መቀየም አይቻልምና እህቱን ተቀየመ። የእናቱ መቃብር አፈር ሳይደርቅ በላዩ ቆሞ፣ «አቤት ብላ የቀረችውን ከእንግዲህ በስሟ ብጠራ ይህ አፈር አይቀበለኝ» ብሎ ማለ።

በጋው ሲገባ ትርንጎ ማሽላዋን ተሸክማ ተሻገረች። ወንድሟ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሲያያት ተነስቶ ጀርባውን ሰጣት። ብትለምነው፣ ብታለቅስ፣ እግሩ ላይ ብትወድቅ ዞር አላለም። ማሽላውን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ተመለሰች። በሚቀጥለው በጋም እንዲሁ አደረገች፤ በሚቀጥለውም። ማሽላውን በልቶታል ይባላል፤ ስሟን ግን አልጠራም። ክረምት ሲሆንም ጉብታው ላይ ወጥቶ ሌላውን ሁሉ ሲጠራ እሷን ይዘላታል። ማዶ የምትኖረዋ ሴት ወንዙ በሞላ ቁጥር ደህና ነሽ የሚላት ሰው ሳይኖር ትከርም ጀመር።

እዚህ ላይ ስለ ቀትር መናገር አለብኝ። በቆላው ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም ወፉም ዝም ይላል፣ ሰውም ከጥላው አይወጣም። ያን ሰዓት የሚዞረው የቀትር ጋኔን ነው ይባላል፤ ሰውን የሚወስደውም በመጥራት ነው። የዘመድ ድምፅ ይዋሳል። የእናትን፣ የባልን፣ የወንድምን ድምፅ ይዞ «አንተ!» ወይም «አንቺ!» ብሎ ይጣራል፤ አቤት ያለው ሰው ተከትሎት ሄዶ በዚያው ይቀራል። የማይችለው አንድ ነገር ነው፤ እናት ያወጣችውን ስም መጥራት አይሆንለትም። የቆላ ልጅ አፉን እንደፈታ የሚነገረው ይህ ነው። በቀትር የሚጠራህ ስምህን ካልጠራ፣ ድምፁ የገዛ አባትህ ቢሆንም፣ አቤት አትበለው። የምትወደው ሰው ድምፅ ከሆነማ አፍህን በሁለት እጅህ ያዝ። ዛሬ ትምህርት ቤት ገብተው የተመረቁ የአገራችን ልጆች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ በቀትር ግን ስማቸው ካልተጠራ እነሱም አይመልሱም፤ እኔ ሞክሬያቸዋለሁ።

ከጊዜ በኋላ ከማዶ በስተጀርባ ያለው የጎረቤት ግዛት ገዥ ዓይኑን በመሬቱ ላይ ጣለ ይባላል። ሰው የሌለበት መሬት ጠፍ ይባላል፤ ጠፍ መሬት ደግሞ ለጠየቀው ይሰጣል። ገዥውም «ከሽመል ውሃ ማዶ ነዋሪ የለም፣ ጠፍ ነውና ለከብቴ ግጦሽ ይሁነኝ» ብሎ አመለከተ። ምስለኔው ደግሞ ሰው አለበት አለ። ሄዶ ማየት ነበር፤ ግን ማን ወደዚያ ይውረድ? ሁለቱም የደጋ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ በአገሩ ደንብ ተስማሙ። ጭቃ ሹሙ ከጉብታው ላይ ሦስት ጊዜ ይጥራ፤ አቤት የሚል ከተገኘ መሬቱ የነዋሪውና የምስለኔው ይሁን፤ አቤት የሚል ከጠፋ ጠፍ ይባል። ጠፍ ከተባለም ከጉብታው ላይ ነጭ ኩታ ይውለብለብ፤ የጎረቤት ገዥ ሰዎችም በማዶው ሸንተረር ላይ ሆነው ይጠብቁና ኩታውን እንዳዩ ለግጦሹ ሲሉ ሰንበሌጡን በእሳት ይጥረጉት።

ቀኑ የካቲት ነበር ይባላል፤ ሣሩ ደርቆ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። ምስለኔው በጠዋት ይመጣል ተብሎ አገሬው ገና በማለዳ ጉብታው ላይ ተሰብስቦ ነበር። የምስለኔው ቁርስ ረዘመ፤ በቅሎውም በመንገድ ላይ አነከሰች፤ ሲደርስ ፀሐይ አናት ላይ ቆማለች።

ከተሰበሰቡት መካከል አያ እርገጤ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከባይለየኝ በፊት ጭቃ ሹም የነበሩ፣ ጉሮሯቸው ሲደክም ሹመታቸውን የተዉ ሰው ናቸው። እጅ ነሥተው፣ «ጌታዬ፣ ሰዓቱ ቀትር ነው። ትንሽ ፀሐይዋ ዘንበል ትበል» አሉ።

«እሷ ዘንበል እስክትል እኔ እዚህ ንዳድ ልጠጣ?» አለ ምስለኔው ከበቅሎው ሳይወርድ። «ጥራ አንተ!»

ባይለየኝ ጫፉ ላይ ቆመ። በመጀመሪያ ከወንዙ ወዲህ በየቤታቸው የቀሩትን በየስማቸው ጠራ፤ ሁሉም ከየጥላቸው አቤት አቤት አሉ። ማዶው ቀረ።  ባይለየኝ ማዶውን እያየ ቆመ።

አያ እርገጤ ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው፣ «ባይለየኝ፣ ዛሬ ቂም አይደለም። በስሟ ጥራት» አሉት።

«ተዉኝ አያ እርገጤ። በእናቴ መቃብር ምያለሁ።»

«በቀትር ያለ ስም እንዴት ትመልስልህ?»

«የኔን ድምፅ አታጣውም» አለ ባይለየኝ።

እውነቱን ነው፤ ድምፁን አላጣችውም። ጥፋቱም ያ ነው። ባይለየኝ እጁን ወደ አፉ አድርጎ፣ «አንቺ! የማዶዋ! አለሽ?» ብሎ ጮኸ። ሽማግሌው እርገጤ ነገሩ ገብቷቸው በራሳቸው ጉሮሮ «ትርንጎ!» ለማለት ሞከሩ፤ ድምፃቸው ከጉብታው ሥር ወድቆ ቀረ። ባይለየኝ ሁለተኛ ጠራ። ሦስተኛም ጠራ።

ትርንጎ በዚያ ሰዓት ምን ታደርግ እንደነበር ያየ ሰው የለም። ሽማግሎቹ ግን እንዳዩ አድርገው ይናገራሉ፤ እነሱም በቦታዋ ቢሆኑ የሚያደርጉት ያንኑ ነበርና። በቤቷ ጥላ ሥር ተቀምጣ ነበር ይላሉ። የወንድሟን ድምፅ በዚያ ሁሉ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማች። ብድግ አለች። ስሟን ጠበቀች፤ ስሟ አልመጣም። ወንድሟ አንቺ ብሎ ጠርቷት አያውቅም። ፀሐይ አናቷ ላይ ናት፤ የመጣው ድምፅ የምትወደው ሰው ድምፅ ነው፤ ስም ግን የለውም። ስለዚህ እናቷ እንዳስተማረቻት አፏን በሁለት እጇ ያዘች። በያንዳንዱ ጥሪ እንባዋ እየወረደ፣ ለጋኔኑ ላለመመለስ ጥርሷን ነክሳ ቆመች።

ምስለኔውም ትከሻውን ሰብቆ «እንግዲህ ሰው የለም» አለ። ጠፍ ነው ተባለ። አሽከሩ ነጩን ኩታ አውለበለበ። በማዶው ሸንተረር ላይ ጭስ ተነሳ፤ ነፋሱ ከዚያ ወደ ወንዙ ይነፍስ ነበርና እሳቱ ቁልቁል መጣ።

የቆላ ሰው ከሰደድ እሳት የሚድንበት ዘዴ አለው። በጋው ሲገባ በቤቱ ዙሪያ ያለውን ሣር ራሱ ቀድሞ አቃጥሎ መሬቱን ባዶ ያደርገዋል፤ ሰደድ ሲመጣ ከዚያ ባዶ መሬት መሐል ቁጭ ይላል። ጭሱ ያስለቅሰዋል እንጂ እሳቱ አይደርስበትም። ትርንጎም በየዓመቱ እንደዚያ ታደርግ ነበር። ይህን ሁሉም ሰው ይናገራል፤ ሲናገሩትም ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ዝም ብላ ቁጭ ብትል ኖሮ ምንም አትሆንም ነበር።

ባይለየኝ ግን ጭሱን ሲያይ መሐላውም፣ ቂሙም፣ የመቃብሩም አፈር ከአእምሮው ጠፋ። የሚታየው እህቱ በዚያ እሳት መሐል መሆኗ ብቻ ነው። አቤት ካለች መሬቱ ጠፍ አይሆንም፤ ጠፍ ካልሆነ እሳቱ ይቆማል፤ በዚያች ቅጽበት ያሰበው ይህን ነው ይባላል። ደረቱ እስኪሰነጠቅ «ትርንጎ!» አለ። «ትርንጎ! ትርንጎዬ!»

ከጭሱ ውስጥ፣ ቀጭን ሆኖ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማው ሆኖ፣ «አቤት!» የሚል ድምፅ መጣ።

ጉብታው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ጮኸ። እልል ያለችም ሴት ነበረች ይባላል። ባይለየኝ ዞሮ የምስለኔውን በቅሎ ልጓም ያዘና፣ «አለች! ጌታዬ፣ አለች! አቤት ብላለች፣ ጠፍ አይደለም፣ እሳቱን ያስቁሙልኝ!» እያለ ይጮህ ጀመር።

«ኩታው ተውለብልቧል» አለ ምስለኔው። «ጠፍ ከተባለ በኋላ አቤት ቢባል ምን ሊሆን? ልቀቅ ልጓሙን!»

«ኧረ በእግዚአብሔር ጌታዬ፣ አለች እኮ!»

እነሱ እንዲህ ሲጨቃጨቁ ከማዶ ሁለተኛ ቃል መጣ። «መጣሁ!» የሚል ነበር።

ነይ ያላት የለም። ግን ነገሩን ከእሷ በኩል ያየው ሰው ሌላ ምን ይጠብቃል? ባለፈው በስሟ ተጠርታ አቤት ብላ ቀረች፤ በዚያ ምክንያት እናቷን ሳትሰናበት፣ ወንድሟንም አጥታ ኖረች። አሁን ያ ወንድሟ በስሟ ጠራት፤ ያውም ትርንጎዬ ብሎ። ወይ ሊታረቃት ነው፣ ወይ እሱም ሊሞት ነው። በሁለቱም መቅረት አይሆንላትም። ወንዙ ጎድሏል። በመካከላቸው ያለው ሣር ብቻ ነው።

አያ እርገጤ ሁሉም ነገር ገብቷቸው «ባለሽበት! ልጄ፣ ባለሽበት!» ብለው ጮኹ። ድምፃቸው እንደ ቅድሙ ከጉብታው ሥር ወደቀ። ወንዝ የሚሻገረው ድምፅ ያለው ሰው ጀርባውን ለወንዙ ሰጥቶ ልጓም ይዞ ይለምናል። ሽማግሌው ሮጠው ባይለየኝን በለበሰው ኩታ ጨምድደው ሲያዞሩት ነው «መጣሁ!» የሚለውን፣ አሁን ቀረብ ብሎ፣ ከሰንበሌጡ መሐል የሰማው። ባይለየኝም «ባለሽበት!» አለ። «ትርንጎ ባለሽበት! አትምጪ!» አለ። ሰንበሌጥ ሲነድ እንደ ክረምት ወንዝ ያጓራል። የሽመል ውሃ ሙላት ያልሸፈነውን ድምፅ ያን ቀን እሳቱ ሸፈነው።

ምስለኔው ፀሐይ ሳያዘቀዝቅ ወደ ደጋው ወጣ። ባይለየኝና አያ እርገጤ መሬቱ ሲበርድ ተሻገሩ። ቤቷ ደህና ነበር ይባላል። ባዶው መሬት እንደተጠረገ ነው፤ በረንዳዋ ላይ ለወንድሟ የቋጠረችው ማሽላ በቅል ተሞልቶ ተቀምጧል። ከዚያ ወደ ወንዙ ያለው ሁሉ ጥቁር ነው። የሰውና የሣር አመድ አይለይምና የሚቀበር አላገኙም። ባይለየኝ አመዱ ላይ ተደፍቶ ስሟን እየጠራ አደረ የሚሉ አሉ፤ አይደለም፣ አንድም ቃል አልተነፈሰም የሚሉም አሉ። ሁለተኛው ይመስለኛል።

ጉብታው ላይ የነበሩት ሰዎች ግን አንድ ነገር ያዙ፤ አቤት ማለቷን በጆሯቸው ሰምተዋል። ወደ ደጋ ወጥተው በዳኛ ፊት በአንድ አፍ «አለች» አሉ። ማነች ሲባሉ «ትርንጎ»፤ የት ነች ሲባሉ «ማዶ»፤ አይታችኋታል ሲባሉ «አቤት ስትል ሰምተናል፤ ደንቡም የሚለው አቤት ያለ አለ ነው» አሉ። ዳኛው ደንቡን ማፍረስ አልቻለም፤ መሬቱም ጠፍ መባሉ ቀረ። ምስለኔ ሄዶ ሌላ ምስለኔ መጣ፤ መንግሥትም ተለወጠ፣ ደግሞም ተለወጠ፤ ወሰን የሚያሰምር ሁሉ ሽመል ውሃ ዳር ቆሞ «ማዶ ሰው አለ?» እያለ በጠየቀ ቁጥር የአገሬው መልስ ያው ሆነ። ካርታ አንሺዎቹ ሲመጡም «ትርንጎ አለች» ተባሉ፤ የቦታው ስም መስሏቸው ጻፉት። ወረዳችን ያን ሁሉ መሬት የያዘው በአንዲት የሞተች ሴት ነዋሪነት ነው። ሕያው ሰው ግን አይሰፍርበትም። አንዱን የወንዙን ዳር ገበሬ፣ መሬት ጠቦህ ሳለ ለምን ተሻግረህ አታርስም ብዬ ብጠይቀው፣ «የሰው ቤት እኮ ነው» አለኝ።

ባይለየኝ ከዚያ በኋላም ጭቃ ሹም ሆኖ ቆየ ይባላል፤ ድምፁ ግን ተሰብሮ ነበር። ሰዉን ሁሉ ከጠራ በኋላ መጨረሻ ላይ እሷን በስሟ ይጠራና «ባለሽበት!» ይላል። ሊሞት ሲል ለተተኪው የነገረው ይህን ብቻ ነው ይላሉ፦ «እሷን መጨረሻ ጥራት። ነይ ግን እንዳትላት።» ሲሞትም እናቱ መቃብር አጠገብ አትቅበሩኝ ብሎ ነበርና ወንዙ ዳር ቀበሩት። በቦታው እደርስበታለሁ ያልኩት ሌላው ቃል እንግዲህ ይህ «ባለሽበት» ነው። የተጠራ ሁሉ «ና» ይባላል፤ እሷ ብቻ «ባለሽበት» ትባላለች።

ባለፈው ዓመት ለቀበሌው አዲስ ሊቀመንበር ተመረጠች፤ ይታይሽ ትባላለች፣ ከደጋ በትዳር የመጣች ቀልጣፋ ሴት ናት። ወረዳው የድምፅ ማጉያ ሰጥቷት ነበር። ለመጀመሪያው ስብሰባዋ ጉብታው ላይ ወጥታ ነዋሪውን ሁሉ ጠራች፤ ከማጉያው የሚወጣው ድምፅ እስከ ሸንተረሩ ይደርሳል፤ ሰው እየሳቀ መጣላት። መጨረሻ ላይ ትርንጎን መጥራት እንዳለባት ነግረዋታል። ከዚያ በኋላ የሚባለውን ግን አንዱ ሌላው የነገራት መስሎት ማንም አልነገራትም። ማጉያውን ወደ ማዶ አዙራ ሦስት ጊዜ ጠራችና፣ ሌላውን ሁሉ ስትል እንደቆየችው፣ «ነይ!» አለች።

ቃሉ ወንዙን ተሻግሮ፣ ሸንተረሩን ነክቶ፣ «ነይ» እያለ ተመለሰ። የተቀመጠው ሁሉ ብድግ አለ። ሽማግሎች፣ ሕፃን ያዘሉ ሴቶች፣ ስብሰባ የሚሰለቻቸው ጎረምሶች ሳይቀሩ ወደ ጫፉ ሮጠው በሙሉ ጉሮሯቸው «ባለሽበት! ባለሽበት!» ይሉ ጀመር። ማዶ የሚታየው የደረቀ ሰንበሌጥ ነው፤ ነፋስ ያወዛውዘዋል።

ይታይሽ ደንግጣ አጠገቧ የቆሙትን አሮጊት፣ «እማማ፣ ማዶ እኮ ሰው የለም፤ ምን ሆናችሁ?» አለቻቸው።

አሮጊቷ ዓይናቸውን ከማዶው ሳይነቅሉ፣ «ብትመጣስ፣ ልጄ?» አሏት።

 ይታይሽ ማጉያውን መሬት ላይ አስቀመጠችና እጇን ወደ አፏ አድርጋ፣ በገዛ ድምፅዋ፣ «ትርንጎ! ባለሽበት!» አለች። ሕዝቡም «አለች» አለና ተቀመጠ።